ቡናማው መስኮት የእማማ ነው

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቄን እከፍታለሁ፣ መብራት ካለ ማለቴ ነው። ሐዋሳ አቶቴ ውስጥ ያለች አንድ ክፍል ናት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ስካን፣ ፎርም መሙላት፣ ሲቪ መጻፍ፣ ኢሜይል መላክ ምናምን እሰራለሁ። ሁለት ዴስክቶፕ አለኝ፣ አንዱ ላይ ደንበኛ ራሱ ይቀመጣል፣ ወደ ግድግዳው ያለው ደግሞ የኔ ነው። የኔን እንዳስነሳሁ ሻይ እንኳን ሳልቀምስ እስከ ባለፈው ሚያዝያ ድረስ የማደርገው ነገር ክሮምን፣ ኢንተርኔት የምንገባበትን ብራውዘር ማለቴ ነው፣ ስድስት ጊዜ መክፈት ነበር። ስድስት ታብ አላልኩም፣ ስድስት መስኮት፣ እያንዳንዱ የራሱ ፕሮፋይል (ለአንድ ባለቤት ተለይቶ የተከፈተ ክሮም) የራሱ ቀለም የራሱ ስም ያለው።

አረንጓዴው የግሌ ነው። ሰማያዊው የሱቁ። ብርቱካናማው የእድራችን ነው፣ ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ የአባላት ዝርዝሩም የወር መዋጮው ሰንጠረዥም እዛ ኢሜይል ላይ ነው ያለው። ሮዙ የእህቴ ነው፣ ቤት ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ፌስቡክ ላይ ትሸጣለች፣ እሷ ታዘጋጃለች እኔ እለጥፋለሁ። ግራጫው ውጭ ሀገር ያለው የአጎቴ ልጅ ነው፣ እዚ ያለውን ቤቱን አከራይቶ ወረቀት ወረቀቱን እኔ ነኝ የምከታተልለት። ቡናማው የእማማ ነበር።

ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲያይ "ይሄን ሁሉ ባንዴ ምን ያስከፍትሻል፣ አንዱን ጨርሰሽ ዘግተሽ ሌላውን አትከፍቺም?" ይለኛል። ጥያቄው ልክ ነው፣ እኔም ድሮ እንደዛ ነበር የማደርገው፣ እንደዛ ሳደርግ የሆነውን ነገር ስለማልረሳው ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ክሮም ብቻ ነበረኝ። ደንበኛ ሲመጣ ጂሜይሉን ከፍቼ እሰራለታለሁ፣ ሲሄድ እዘጋለታለሁ፣ መዝጋት ከረሳሁ ደግሞ የሚቀጥለውን ሰው "አድ አናዘር አካውንት" ብዬ ከላዩ እጨምራለሁ። አንዳንዴ አምስት ሰው አንድ ብራውዘር ውስጥ ተደርድሮ ይውላል። ሥራ ስለሚበዛ፣ ሰልፍ ስላለ፣ አንዱ "እህቴ ቶሎ በይልኝ መኪና ይሄድብኛል" ስለሚል፣ እንዲ መሥራት ፈጣን ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየጣለ። እማማ ገቡ። እማማ ሰፈራችን የሚኖሩ ስልሳውን ያለፉ ሴት ናቸው፣ ልጃቸው ካናዳ ናት፣ ሌላ ሰው የላቸውም። ከነጠላቸው ውስጥ ፖስታ አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። "የኔ ልጅ፣ ይሄን ለልጄ ላኪልኝ። ለማንም አታሳዪብኝ።" ውስጡ ከሆስፒታል የተሰጣቸው የምርመራ ውጤት ነው፣ ሁለት ገጽ። ምን እንደሆነ እዚም አልጽፍም። ስካን አደረኩት፣ ጂሜይሉን ከፈትኩ፣ ልጅቷ በስልክ ነግራቸው ወረቀት ላይ የተጻፈውን አድራሻ አስገባሁ፣ አያያዝኩት፣ ላኩት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። መርቀውኝ ሄዱ።

ጂሜይል ገጽ ላይ በቀኝ በኩል ከላይ አንዲት ትንሽ ክብ አለች፣ የባለቤቱ ፎቶ ወይ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ያለባት። ያቺን ክብ ያን ቀን አላየኋትም። ከእማማ በፊት አንድ ሥራ የሚፈልግ ልጅ መጥቶ ሲቪ ልኬለት ነበር፣ አካውንቱ ክፍት እንደሆነ ነው የቀረው። የእማማ ውጤት የሄደው በሱ ኢሜይል ነው።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ስልኩን ይዞ መጣ። ሱቁ ውስጥ ሰው እስኪወጣ ጠበቀ። "እህቴ ይሄ ነገር የኔ አይደለም" አለና አሳየኝ፣ ልጅቷ ከካናዳ መልሳ የጻፈችው ነው፣ ረጅም ነው፣ እያለቀሰች እንደጻፈችው ያስታውቃል፣ ከስሩ ደግሞ እኔ የላኩት ሁለት ገጽ ከነሙሉ ስማቸው ተያይዟል። ልጁ ሰፈራችን ነው የሚኖረው። ያውቃቸዋል፣ የእድራችን አባል ናቸው፣ እናቱ ከሳቸው ጋር ማህበር ይጠጣሉ። "ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁን ፊትሽ አጠፋዋለሁ፣ ግን አንቺ ማወቅ አለብሽ ብዬ ነው" አለኝ። መጀመሪያ ለልጅቷ የተፈጠረውን ጻፍኩላት፣ ከዛ አጠፋው፣ ትራሹንም ባዶ አደረገው። እንዲህ አይነት ልጅ ባይሆን ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ዛሬም ሳስበው ሆዴን ያመኛል።

በዛው ምሽት እማማ ቤት ሄድኩ። መናገር እንዳለብኝ ይገባኛል፣ እግሬ ግን እንቢ ይለኛል። ቡና እየቆሉ ነበር። ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው፣ ምንም ሳልደብቅ። ቆይተው "አየው?" አሉ። "አይቶታል እማማ" አልኳቸው። ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አነሱት፣ ቡናው እንዳያር ነው። ከዛ እንዲ አሉ፣ "እኔ መታመሜን አልነበረም የፈራሁት፣ ሰው ሁሉ እያዘነልኝ መኖርን ነው።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ተመልሰው መጡ። ሌላ ቤት መሄድ ይችሉ ነበር፣ እስከ ፒያሳ ድረስ እንደኔ የሚሰራ ስንት ሱቅ አለ። እኔ ጋ መጡ። እሳቸው ተመልሰው ባይመጡ ኖሮ ምናልባት አዝኜ፣ ንስሐዬን ገብቼ እንደበፊቱ እቀጥል ነበር። መምጣታቸው ነው ይሄን ነገር ቁጭ ብዬ እንድማረው ያደረገኝ።

ያስተማረኝ ደግሞ የካምፓስ ተማሪ ነው፣ ጥናቱን ፕሪንት ሊያስደርግ መጥቶ። የደረሰብኝን ስነግረው ሎግ አውት ማድረግ ረስተሽ ነው አላለኝም፣ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚለኝ። እሱ ግን "ችግሩ መርሳቱ አይደለም፣ ሰው ይረሳል፣ ችግሩ ሁሉንም ሰው አንድ ቦታ ማስቀመጥሽ ነው" አለኝና ማውሱን ተቀብሎኝ ከክሮሙ ጥግ ያለችውን ክብ ነካ። እዚ ጋ ልብ በሉ፣ ሁለት ክብ አለ። አንዷ ገጹ ውስጥ ያለች የጂሜይል ናት፣ ሌላዋ ከአድራሻ መጻፊያው ጎን ያለች የብራውዘሩ ናት። ስንት ዓመት ክሮም ስጠቀም የሁለቱን ልዩነት አላውቅም ነበር። የላይኛዋን ስትነኩ አዲስ ፕሮፋይል መጨመሪያ ይመጣል፣ ስም ትሰጡታላችሁ፣ ቀለም ትመርጣላችሁ፣ ዴስክቶፕ ላይ ሾርትከት ይፈጠርለት ወይ ብሎ የሚጠይቃችሁ ቦታም አለ፣ እሱን እሺ ማለት ጥሩ ነው። በቃ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ሲገባኝ ነው በጣም የወደድኩት። ዌብሳይት በተፈጥሮው አያስታውስም፣ አንድ ገጽ ከፍታችሁ ሌላ ስትከፍቱ ያው ሰው መሆናችሁን አያውቅም። በፈረንጆቹ 1994 ኔትስኬፕ የሚባል የድሮ ብራውዘር ሰሪ ድርጅት ውስጥ ይሰራ የነበረ ሉ ሞንቱሊ የሚባል ሰው ለዚ መፍትሄ ብሎ ኩኪን አመጣ። ትልቅ መሥሪያ ቤት ስትገቡ ዘበኛው መታወቂያችሁን ተቀብሎ ቁጥር ያላት ካርድ ይሰጣችሁ የለ፣ ከዛ በኋላ ውስጥ ለውስጥ ስትዞሩ ማንም መታወቂያ አይጠይቃችሁም፣ ካርዷን ያያል ያሳልፋችኋል። ኩኪ ማለት ያቺ ካርድ ናት። ፓስወርድ አንዴ አስገብታችሁ ቀኑን ሙሉ ሳትጠየቁ የምትውሉት በሷ ነው። እና አንድ ብራውዘር አንድ ኪስ ነው ያለው። ለአንድ ሳይት አንድ ካርድ። ሌላ ሰው በዛው ሳይት ሲገባ ወይ የመጀመሪያው ካርድ ይወጣል፣ ወይ ደግሞ ጎግል እንደሚያደርገው ያንኑ ካርድ ላይ ስም እየጨመሩ መሄድ ነው። ጎግል ላይ መጀመሪያ የገባው ሰው ነው ሁልጊዜ የሚቀድመው፣ የገጹን አድራሻ ብታዩት ዩ ስላሽ ዜሮ፣ ዩ ስላሽ አንድ እያለ ይቆጥራቸዋል፣ እና የድራይቭ ሊንክ ወይ የጎግል ፎርም ስትነኩ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በዜሮው ሰው ስም ነው። እኔ በእማማ ስም እየሰራሁ ይመስለኛል፣ ማሽኑ ግን ቀድሞ በገባው ልጅ ስም ነው የሚሰራው።

ፕሮፋይል ስትፈጥሩ ግን ኪስ አይደለም የምትጨምሩት፣ ሌላ ኮት ነው የምትለብሱት። ኩኪው ለብቻ፣ ሂስትሪው (የከፈታችሁት ገጽ ዝርዝር) ለብቻ፣ ቡክማርኩ፣ የተቀመጠ ፓስወርዱ፣ ኤክስቴንሽኑ (ክሮም ላይ የሚጫን ተጨማሪ) ሁሉ ለብቻ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ በእውነት የተለያየ ፎልደር ነው፣ ዩዘር ዳታ የሚባል ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ ዲፎልት፣ ፕሮፋይል 1፣ ፕሮፋይል 2 እያለ ተደርድሯል። ስሙን ከላይ ብትቀይሩትም የፎልደሩ ስም አይቀየርም፣ እኔ የማን የትኛው እንደሆነ ደብተር ላይ ጽፌ ይዣለሁ። አድራሻ መጻፊያው ላይ ክሮም ኮለን ስላሽ ስላሽ ቨርዥን ብላችሁ ብትገቡ ያ መስኮት ከየትኛው ፎልደር እንደሚሰራ ፕሮፋይል ፓዝ በሚለው ስር ይነግራችኋል።

ይሄን ሐሳብ ክሮም አይደለም የፈጠረው። ክሮም በፈረንጆቹ 2008 ወጥቶ ይሄን አይነት ፕሮፋይል ያስገባው በ2011 ነው፣ ኔትስኬፕ ግን በ1997 ኮሚዩኒኬተር 4 የሚባለውን ሲያወጣ የፕሮፋይል መምረጫ ነበረው። ያኔ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ነው ያለው፣ አባትም ልጅም በሱ ነው የሚጠቀሙት፣ ለነሱ ነው የተሰራው። አሁን ስለ ፕሮፋይል ኢንተርኔት ላይ ብታነቡ የሥራ እና የግል እያሉ ነው የሚያወሩት፣ አንድ ሰው ሁለት ሕይወቱን የሚለይበት ነገር አድርገውት። እኔ ግን አንድ ማሽን ለብዙ ሰው በሚለው በድሮው ትርጉሙ ነው የምወደው፣ እዚ እኛ ጋ ኑሮው አሁንም እንደዛ ነው። ስልክ ሁሉም ሰው ጋ አለ፣ ስካነርና ኮምፒውተር ግን የለም፣ ስለዚ የሰፈሩ ሰው ጉዳይ እኔ ማሽን ውስጥ ነው የሚያልፈው።

"ታዲያ ኢንኮግኒቶ ምን አለው?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፣ ሂስትሪ የማያስቀምጠውን የክሮም መስኮት ማለቱ ነው። እኔም መጀመሪያ እሱን ሞክሬ ነበር። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን አስር የኢንኮግኒቶ መስኮት ብትከፍቱ አስሩም አንድ ኪስ ነው የሚጠቀሙት፣ አንዱ ላይ የገባ ሰው ሌላውም ላይ ገብቷል፣ ሁሉም እስኪዘጉ ድረስ አይጠፋም። በዛ ላይ ደግሞ ሲዘጋ ሁሉንም ይረሳል። መርሳቱ ለአንዳንድ ሰው ጥሩ ነው፣ ለእማማ ግን መከራ ነው፣ ምክንያቱም ኢሜይሉን የከፈተችላቸው ልጃቸው ናት፣ እንደ አዲስ በተገባ ቁጥር ኮዱ የሚሄደው እሷ ስልክ ላይ ነው፣ እዚ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ቶሮንቶ ሌሊት ነው። ልጅቷን በየጊዜው ከእንቅልፍ መቀስቀስ ነው። ፕሮፋይላቸው ከተከፈተ በኋላ ግን አንዴ ኮዱ መጣ፣ አንዴ ገቡ፣ አለቀ።

ፋየርፎክስ የሚባለው ሌላ ብራውዘርም ፕሮፋይል አለው፣ አባውት ኮለን ፕሮፋይልስ ብሎ መግባት ነው፣ በፈረንጆቹ 2025 ደግሞ ከሜኑው ላይ በቀላሉ እንዲገኝ ማድረግ ጀመሩ። ኮንቴይነር የሚባል ሌላ ነገርም አላቸው፣ አንድ መስኮት ውስጥ ታቦቹን ብቻ በቀለም የሚለይ። ለአንድ ሰው ጎበዝ ነገር ነው፣ ለኔ ሥራ ግን አይሆንም፣ ኩኪውን ይለያል እንጂ ሂስትሪውና የተቀመጠው ፓስወርድ የጋራ ነው። የእማማን ሂስትሪ ሌላ ሰው የሆነ ፊደል ሲጽፍ ከስር ብቅ እንዲል አልፈልግም።

የእማማን ፕሮፋይል ያወጣሁ ቀን አጠገቤ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው። እሳቸው ሳይኖሩ ልሠራው እችል ነበር ግን እንዲያዩት ፈለኩ። "እማማ ይሄ የርስዎ ቤት ነው፣ ቀለሙን ይምረጡ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀለሞቹን አንድ በአንድ አዩ። "የቡና ቀለም የለውም?" አሉ። አለው። ከዛ ፎቶ የሚደረግበት ቦታ ላይ ትናንሽ ሥዕሎች አሉ፣ ድመት ምናምን፣ እሳቸው ወፏን መረጡ። ስሙን ሙሉ ስማቸውን አልጻፍኩም፣ ዴስክቶፕ ላይ ስለሚታይ "እማማ" ብቻ አልኩት፣ እማማ የምትባል ደግሞ ሐዋሳ ውስጥ ስንት ሴት አለ። መስኮቱ ሲከፈት ከላይ በኩል ሙሉውን ቡናማ ሆነ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው "እዚ ውስጥ ያለው የኔ ብቻ ነው?" አሉ። "የርስዎ ብቻ ነው።" "ያኛውስ ሰማያዊው?" "እሱ የሱቁ ነው፣ አይገናኙም።" ከዛ በኋላ ሁልጊዜ ሲመጡ ከመቀመጣቸው በፊት ስክሪኑን ያዩ ነበር። ቡናማ ካልሆነ ወረቀታቸውን አያወጡም ነበር። እኔ በቃል የማስረዳቸውን ሁሉ ለሳቸው ቀለሙ ነው የሚነግራቸው፣ ለኔም እንደዛው ነው፣ ሰው ተሰልፎ አንዱ ሲጠራኝ ሌላው ሲጠይቀኝ ዓይኔ ፊደል ላያነብ ይችላል፣ ቀለም ግን ሳላስብበት ያያል።

ሁሉም እንደዚ አልጋ በአልጋ አይደለም። ስድስቱን ባንዴ ስከፍት 4 ጊጋ ራም የነበረው ማሽኔ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፣ ማውሱ ራሱ አይንቀሳቀስም። ሺፍትና ኤስኬፕ ስትጫኑ የሚመጣ የክሮም ታስክ ማናጀር አለ፣ እዛ ውስጥ ሳይ ለካ ማስታወቂያ ማገጃውን ስድስቱም ላይ ጭኜዋለሁ፣ ስድስት ጊዜ እየሠራ ነው። ከሁለቱ በስተቀር ከሁሉም ላይ አነሳሁት፣ በኋላም ገንዘብ አጠራቅሜ ራሙን ወደ 8 አሳደኩት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም መስኮት የነበረበትን ገጽ ልመልስ እያለ ባንዴ ሲጭን የኢንተርኔት ፓኬጁን ይጨርሰዋል፣ ስለዚ እንደዛ ሲሆን አንድ በአንድ ነው የማስነሳቸው፣ ሥራው በመጣበት ቅደም ተከተል።

አንድ በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር ቴሌግራም ነው። እኛ ሀገር ሰው ፋይሉንም ሊንኩንም የሚልከው በቴሌግራም ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቴሌግራም ውስጥ ሊንክ ስትነኩ ክሮም የሚከፍተው መጨረሻ ስትሠሩበት በነበረው ፕሮፋይል ነው። የእድሩን ሰንጠረዥ እየሞላሁ እህቴ የላከችልኝን ሊንክ ብነካ በእድሩ አካውንት ነው የሚከፈተው። እንዲህ ሲሆን ሁለቴ ይዤዋለሁ፣ ምንም ሳይበላሽ። አሁን ከቴሌግራም ሊንክ አልነካም፣ ኮፒ አድርጌ የባለቤቱ መስኮት ላይ ወስጄ ነው የምለጥፈው፣ ሁለት ሰከንድ ቢጨምር ነው። ሌላው ደግሞ ሲንክ ነው፣ ክሮም ውስጥ ያለውን ወደ አካውንቱ ቀድቶ ሌላ ስልክና ኮምፒውተር ላይም የሚያመጣው፣ አንድ ደንበኛ በራሴ ፕሮፋይል ላይ ገብቶ ሲንክ ይብራ ወይ ሲለው እሺ ካለ የኔ ቡክማርክና ፓስወርድ ሁሉ ወደሱ ስልክ ሊሄድ ይችላል። አንዴ ብቻ መጥቶ ለሚሄድ ሰው፣ ዲቪ ለሚሞላ ወይ ውጤት ለሚያይ፣ ጌስት የሚለውን ነው የምከፍትለት፣ መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል።

ይሄንንም ልናገር፣ ፕሮፋይል ቁልፍ አይደለም፣ መጋረጃ ነው። እኔ ወንበር ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው የፈለገውን ቀለም ነክቶ መክፈት ይችላል፣ ምንም አይጠይቀውም። ስለዚ ለሰከንድም ብነሳ ዊንዶውስና ኤልን ተጭኜ ስክሪኑን ቆልፌ ነው የምነሳው፣ ደጅ ባጃጅ ላይ ያለ ሰው ቢጠራኝም። የባንክ ነገር በማንም ፕሮፋይል ላይ አላስቀምጥም፣ ፓስወርዱንም ኮዱንም ባለቤቱ ራሱ ያስገባል፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ደግሞ ሳይቶቹ ዘንድ የተለያየ ሰው መስሎ ለመታየት የሚረዳ የሚመስላቸው አሉ፣ አንድ ልጅ ውድድር ላይ አለሁና ከአስር ፕሮፋይል ድምፅ ስጪልኝ ብሎኝ ነበር፣ አልሰጥም አልኩት። አስሩም ቢሆን የሚወጡት በአንድ ኢንተርኔት መስመር ነው፣ ግን ለዛ ብዬ አይደለም እንቢ ያልኩት። እኔ ይሄን ነገር የያዝኩት የሰው ጉዳይ እንዳይቀላቀል ነው።

ባለፈው ሚያዝያ እማማ መጡና ልጃቸው ጋ ሊሄዱ እንደሆነ ነገሩኝ። ቪዛው ደርሷል። ሕመማቸው ደህና ነው፣ እዛ ይከታተሉታል። ኢሜይላቸውን ስልካቸው ላይ አስገባንላቸው፣ ቁጥሩንም ቀየርን፣ ኮዱ አሁን ለራሳቸው ነው የሚመጣው። ከዛ "እንግዲህ ቤቴን ላፍርስ" አሉ፣ ፕሮፋይሉን ማለታቸው ነው። ሳይነግሩኝ በፊት ልጠይቃቸው አስቤ ከብዶኝ ነበር። የፕሮፋይል መምረጫውን ከፈትኩ፣ ወፏ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነካሁ፣ ዲሊት የሚለው መጣ፣ ከዚ ኮምፒውተር ላይ ሂስትሪውም ፓስወርዱም ሌላውም ይጠፋል ብሎ ጠየቀ። ኢሜይሉ ራሱ እንደማይጠፋ፣ እዚ ያለው ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። እጃቸውን ማውሱ ላይ አድርጌ እሳቸው ተጫኑት። ወፏ ጠፋች።

"አሁን ምንም አልቀረም?" አሉኝ።

አልቀረም ልል አፌን ከፍቼ አቆምኩ። ፕሮፋይል ዳውንሎድ የተደረገን ፋይል አይነካም፣ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ባለበት ነው የሚቀመጠው፣ ጌስትም ቢሆን እንደዛው ነው። ለዛ ብዬ የእያንዳንዱን ማውረጃ ቦታ ከሴቲንጉ ላይ ለየብቻ አድርጌዋለሁ፣ የሳቸውን ፎልደር ከፍተን ያለውን አጠፋን፣ የትኬት ወረቀትና የቪዛ ፎርም ነው የነበረው። ቀጥሎ ስካነሩ ፋይል የሚጥልበት ፎልደር ትዝ አለኝ። በቀን ደረደርኩት፣ ወደ ታች ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ሺ ምናምን ፋይል ነው፣ የሰፈሩ ሰው መታወቂያ፣ ዲግሪ፣ የልደት ካርድ። ከአራት ዓመት በፊት ሐምሌ ላይ ስካን የተደረገ፣ ስም የሌለው፣ ቁጥር ብቻ ያለው፣ ሁለት ገጽ የሆነ ፒዲኤፍ አለ። ሳልከፍተው አወኩት።

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እዚ ነበር። መስኮቱን ቡናማ አድርጌ፣ ቀለም አስመርጬ፣ አይገናኙም ብዬ የነገርኳቸው ጊዜ ሁሉ ወረቀታቸው ከማንም ሰው ወረቀት ጋር ተደርድሮ ነበር።

"እማማ ይሄ አለ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን አዩት፣ ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፋይሉ ላይ አድርጌ ሺፍትና ዲሊት አብሮ የሚጫን መሆኑን፣ እንዲያ ከሆነ ወደ ሪሳይክል ቢንም እንደማይሄድ ነገርኳቸው። "እስቲ የቱ ጋ ነው" አሉ፣ ግራ እጃቸውን ይዤ ሺፍቱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ቀኙን እሳቸው ራሳቸው ፈልገው አገኙት።